የሚያጣብቅ ኪስ፣ ነጭ ብናኝ፣ የጠቆረ እጀታ፦ የአሮጌ ቆዳ ቦርሳ ችግርና መፍትሄ

ቦርሳው እውነተኛ ቆዳ መሆኑን አረጋግጣችኋል፣ ውስጡን አራግፋችኋል፣ በማይታይ ቦታ ላይም አንዲት የውሃ ጠብታ አስቀምጣችሁ አይታችኋል። ጠብታዋ ወዲያው ሰርጋ ቆዳውን ካጠቆረች ሽፋን የሌለው ቆዳ ነው፤ ድቡልቡል ብላ ከቆመች ላዩ ቀለምና መከላከያ ተቀብቷል። ይህን ያላደረገ አሁን አድርጎ ይመለስ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ያጠፋዋል።

ውስጡ ያጣብቃል፣ ጥቁር ፍርፋሪ እጅ ላይ ይቀራል

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ውጪው እንደ አዲስ ያምራል፤ እጅ ወደ ውስጥ ኪስ ሲገባ ግን የፈሰሰ ሽሮፕ የነካ ይመስላል። ስልክና መነጽር ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ንጣፍ ይቀራል። የኪሱ ሁለት ገጾች ተጣብቀው ሲላቀቁ ድምፅ ያሰማሉ። የቆየ ሲሆን ደግሞ እንደ ተቃጠለ ወረቀት እየተቀረፈ ይረግፋል። ሻጭ «ውስጡ ትንሽ ቆሽሿል» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለዚህ ነው፤ ፎቶውን ከውጪ ብቻ ካነሳ ደግሞ አትጠራጠሩ።

ይህ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም። ገበሩ ቆዳ እንዲመስል ጨርቅ ላይ የተነጠፈ ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ አለ፤ የሚፈርሰው እሱ ነው። በተለይ ፖሊስተር ያለበት ዓይነቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃውም የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይበጣጥሳቸዋል። ሂደቱ ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የቆየ ጫማ ባወጡት ቀን ሶሉ የሚፈረፈረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ «አንድም ቀን ሳልይዘው እንዴት ተበላሸ?» የሚል ሰው አይዋሽም። አለመያዙ አላዳነውም፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ሙቀት ያለበት ቦታ መክተቱ ደግሞ አፋጥኖታል።

የፈረሰ ፖሊዩሪቴን ወደ ነበረበት አይመለስም። ወይ ይፋቃል፣ ወይ ገበሩ ይቀየራል። ሦስተኛ መንገድ አለ እየተባለ የሚሞከረውና የሚያስከትለው ጣጣ ይህ ነው፦

የሕፃን ፓውደር መነስነስ። ለጥቂት ሳምንት ደረቅ ያስመስላል፤ ከዚያ ፓውደሩ ከሚያጣብቀው ጋር ተላቁጦ ግራጫ ሊጥ ይሆናል። ፓውደር ሦስት አራት ጊዜ የተነሰነሰበትን ኪስ መፋቅ ምንም ካልተነካው ይልቅ እጥፍ ያለፋል። ቦርሳ ለመሸጥ የሚነሰነስ ፓውደር ደግሞ ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት። ሽፋኑ ቀዝቅዞ ሳለ ስለሚደርቅ የሚሰባበረውን ለማንሳት ይረዳል፤ ሲሞቅ የቀረው እንደገና ያጣብቃል። ቆዳው ቀዝቅዞ ሳለ ግን አታጣጥፉት፣ ይሰነጠቃል።

ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ «ማድረቅ»። ሙቀት ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰው በስፌቱ በኩል ወጥቶ ከቆዳው ጀርባ ላይ ይጣበቃል።

አሴቶን። ይህን አታድርጉ! ሽፋኑን ያነሳዋል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጨርቁ አልፎ ቆዳው ጋ ሲደርስ የውጪውን ቀለም ከውስጥ ገፍቶ ያፈርሰዋል። በዚህ መንገድ «የጸዳ» ቦርሳ ኪሱ ባለበት ልክ ከውጪ አራት ማዕዘን ነጣ ያለ ጥላ ይታይበታል። ውስጡ ይድናል፣ ውጪው ይሞታል።

የሚሠራው አካሄድ እንዲህ ነው። የሚያስፈልገው ከ70 በመቶ ያላነሰ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ብዙ ነጭ የጥጥ ጨርቅ (ባለቀለም ጨርቅ ቀለሙን ይለቅባችኋል)፣ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ፣ የጎማ ጓንትና የተከፈተ መስኮት ነው። አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ ሻማም ምድጃም ሲጋራም አጠገቡ አይኑር።

ኪሱን ወደ ውጪ ገልብጡት። የማይገለበጥ ከሆነ በገበሩና በቆዳው መካከል በፕላስቲክ የተሸፈነ ካርቶን አስገቡ፤ እርጥበቱን የሚያግደው እሱ ነው። መጀመሪያ ሳይረጥብ በካርዱ ጠርዝ የሚነሳውን ሁሉ ጥረጉ። ቀጥሎ ጨርቁን በአልኮል አርጥቡት፤ አልኮሉ ጨርቁ ላይ እንጂ በቀጥታ ገበሩ ላይ አይፈስም። መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ለ20 ሴኮንድ ያህል ያዙት፣ ከዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሳባችሁ ጥረጉ። ወዲያ ወዲህ ካሻችሁት የተነሳውን መልሳችሁ ታለብሱታላችሁ። ሽፋኑ እየተጠቀለለ ትንንሽ ትል ይመስላል፤ በካርዱ አንሱት፣ የጨርቁን ንጹህ ገጽ አዙሩ፣ ቀጥሉ። ለአንድ ኪስ አንድ ሰዓት፣ ለሙሉ ገበር ግማሽ ቀን መውሰዱ የተለመደ ነው። የማእዘኖቹን ስፌት በአልኮል በረጠበ የጥርስ ብሩሽ ጨርሱት። በመጨረሻ እርጥብ ነገር ግን የማይንጠባጠብ ጨርቅ አሳልፉበትና አፉን ከፍታችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። በነጋታው ነጭ ወረቀት አስገብታችሁ ተጫኑት፤ ምልክት ካልያዘና ካልተጣበቀ ጨርሳችኋል። ከያዘ የቀረ አለ።

ሽፋኑ ሲነሳ ከሥሩ የሚቀረው ሽምን ጨርቅ ጤነኛ ከሆነ እንደዚያው ይሠራል። እንደ መረብ ሳስቶ ከተገኘ ወይም ጠረኑ አልወጣ ካለ ገበሩን ቀይሩ። ብዙ ቦርሳ ላይ ገበሩ የተያዘው በአፉ ዙሪያ ባለው አንድ ረድፍ ስፌት ብቻ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ከአራት ጎን ፎቶ አንሱ፣ የፊትና የኋላውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ክሩን በየአራት ስፌቱ ቆርጣችሁ ሳቡት፤ ቆዳውን በምላጭ አትቅረቡት። የወጣውን አሮጌ ገበር ፈትታችሁ እንደ ልክ ተጠቀሙበት። አዲሱ ጨርቅ ጠንካራ ጥጥ ይሁን፤ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይተኮስ፣ አለበለዚያ ኋላ ይሰበሰባል። ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ ገበር ገዝታችሁ ብታስገቡ ይህንኑ ገጽ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ታነቡታላችሁ።

ሲመለስ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች በእጅ ይሰፋል። አዲስ ቀዳዳ በመኪና መደርደር ቆዳውን እንደ ቴምብር ጠርዝ ያደርገዋል፤ ቦርሳው ክብደት በያዘ ቀን እዚያው ላይ ይቀደዳል።

ቆዳው ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ ሁሉም ሰው «ሻጋታ» ይላቸዋል። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለጥቂት ሴኮንዶች አሳልፉ። ነጩ ቀልጦ ከጠፋ ከቆዳው ውስጥ የወጣ ስብ ነው፤ ቅዝቃዜ ሲያገኝ ላዩ ላይ ይረጋል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ ሊመለስ ይችላል፣ ያኔም መጥረግ ነው። ባይቀልጥና በእርጥብ ጨርቅ ሟሙቶ ቢጠፋ ጨው ነው፤ ከላብ ወይም አንድ ጊዜ ከጠጣው ውሃ የቀረ።

ፀጉራም ከሆነ፣ ነጠብጣብ ሠርቶ ከተሰራጨና የምድር ቤት ሽታ ካለው ሻጋታ ነው። ደጅ አውጡት፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ሽፋን ያለው ቆዳ ከሆነ አልኮልና ውሃ እኩል ተቀላቅሎ በነካ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ሽፋን የሌለውን በደረቁ ብቻ አራግፉ፣ ጥላ ባለበት ነፋስ ላይ አቆዩ። በረኪና በየትኛውም ቆዳ ላይ አይደርስም። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ የሚቆይበት ቦታ ላይ መልሳችሁ ካስቀመጣችሁት ሥራው ከንቱ ነው።

እጀታው ጠቁሯል

ሽፋን ባለው ቆዳ ላይ ጥቁሩ ላዩ ላይ የተከማቸ የእጅ ወዝ ስለሆነ ይለቃል። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ምቱት፤ አረፋውን ብቻ በስፖንጅ ወስዳችሁ አሹ፣ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አንሱት። የኮርቻ ሳሙና የሚመክሩ ብዙ ናቸው፤ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ቆዳ ደግሞ አሲዳማ ነው። በወፍራም ኮርቻ ላይ ያላመጣውን ጉዳት በስስ ቦርሳ ላይ ያመጣል። የሕፃን ዋይፕስም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሽፋን እያነሳ እጀታውን ያራቁታል።

በዕፅዋት የለፋ፣ ሽፋን የሌለው ነጣ ያለ ቆዳ ከሆነ ግን ወዙ ሰርጓል። የበቆሎ ስታርች ወፈር አድርጋችሁ ለ24 ሰዓት ብታስቀምጡበት ትኩሱን ቅባት ይጠጣል፤ የዓመታቱን አያወጣውም። በአልኮል ወይም በአሴቶን የፈተገው ሁሉ ያተረፈው ዥንጉርጉር እጀታ ነው። ውሃ ነክቶት ክብ ምልክት የያዘ ቆዳ ከሆነ ምልክቱን ብቻ አትንኩ፤ ያንን ገጽ ከስፌት እስከ ስፌት በእርጥብ ስፖንጅ እኩል አርጥባችሁ አድርቁት፣ ድንበሩ አብሮ ይደበዝዛል።

ደርቋል፣ ተሰንጥቋል

መድረቅና መሰንጠቅ ይለያያሉ። የደረቀ ቆዳ ይለሰልሳል፤ የተሰነጠቀው አይገጥምም፣ ምንም ዓይነት ቅባት ቢጠጣ። ለደረቀው የቆዳ ክሬም፣ ለአንድ ገጽ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ በጨርቅ ተቀብቶ ለ24 ሰዓት ይቆያል፣ የተረፈው ይወለወላል። ካልበቃው ይደገማል። በአንድ ጊዜ ብዙ መቀባት ቆዳውን ያላላዋል፣ ቅርጹን ያሳጣዋል፣ ኋላም ያንን ነጭ ስብ ያወጣል።

የወይራ ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ቫዝሊን አይቀባም። ዘይቱ ተበላሽቶ ይሸታል፣ ይጠቁራል፣ አቧራ ይሰበስባል፤ አንዴ ከሰረገ ደግሞ የሚያወጣው የለም። ስንጥቁ ሽፋን ባለው ቆዳ ላይ ከሆነ ተጣጣፊ የቆዳ መሙያ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደረቀ ይሞላል፣ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያ በቆዳ ቀለም በስፖንጅ ይነካካል። የጫማ ቀለም አይተካውም፤ ልብስ ላይ ይለቃል።

ይሸታል

ገበሩን አጽድታችሁ ሽታው ከቀረ ታችኛውን ወለል ተጠራጠሩ። ብዙ ቦርሳ ቆሞ እንዲቀመጥ ከገበሩ ሥር ካርቶን አለበት፤ ያ ካርቶን አንድ ቀን ርሶ ከነበረ ዘላለም ይሸታል። አውጥታችሁ በ1.5 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሰሌዳ ቀይሩት። የሲጋራ ሽታ ሲሆን ቦርሳውን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ከአክቲቬትድ ካርቦን (ሽታ ከሚስብ ከሰል) ጋር ሳይነካካ ለሁለት ሳምንት ዝጉበት። ቤኪንግ ሶዳ በኩባያ እንጂ በቀጥታ ቦርሳው ውስጥ አይነሰነስ፤ ከስፌት ውስጥ አይወጣም። ሽቶ መርጨት ሁለት ሽታ ያደርገዋል።

ዘለበቱ አረንጓዴ አውጥቷል

የቆዳው ስብ ከናሱ ውስጥ ካለው መዳብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ሰም መሰል ነገር ነው። በእንጨት ስንጥር ፋቁት፣ የቀረውን አልኮል በነካው የጆሮ ጥጥ አንሱት። ከመወልወላችሁ በፊት ማግኔት አስጠጉ፤ ከያዘ የተለበጠ ብረት ስለሆነ አትወልውሉት፣ ልባጩ ይነሳል። ካልያዘም እርግጠኛ አትሁኑ፤ ማግኔት የማይስበው የዚንክ ቅይጥም ይለበጣል። የብረት መወልወያ ስትጠቀሙ በዘለበቱ ሥር ፕላስቲክ አንጥፉ፤ ቆዳው ላይ የደረቀ መወልወያ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የእስክሪብቶ ቀለም፦ ሽፋን ባለው ላይ አልኮል በነካው የጆሮ ጥጥ፣ በአንድ ንክኪ አንድ ጥጥ፤ ሽፋን በሌለው ላይ ተዉት።

ስፌት ተተርትሯል፦ 0.8 ሚሊ ሜትር በሰም የታሸ ፖሊስተር ክር፣ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ፣ ሁለት መርፌ፣ በድሮው ቀዳዳ። ቀዳዳው ከጠበበ ወስፌ በቀስታ። ማስቲሽ የስፌት ምትክ አይደለም።

የጠርዝ ቀለም ተላጧል፦ የላላውን ፋቁ፣ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በስሱ ሦስት ጊዜ ቀቡ። አንድ ጊዜ ወፍራም ከተቀባ በሳምንቱ ይሰነጠቃል።

ቅርጹ ጠፍቷል፦ በነጭ ወረቀት ሙሉት። ጋዜጣ ቀለሙን ገበሩ ላይ ያትማል።

ቆዳው ቀይ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል፦ በዕፅዋት የለፋ በጣም አሮጌ ቆዳ በአየር ብክለት አሲድ ሲበላ የሚመጣ ነው። አይታጠብም፣ ክሬምም አይቀባም፤ ውሃ ከነካው ጠቁሮ ይደርቃል። በአልኮል በሟሟ ክሉሰል ጂ በሚባል ማጠንከሪያ ላዩን ማስያዝ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ እንጂ የሚያዝ ቦርሳ አይሆንም።