ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ፓይተን ስትማሩ፦ ከኮዱ በፊት ቻርጀሩን ጠርጥሩ

ጀማሪዎች ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ይዘው፣ በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም ሊማሩ ሲመጡ አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ኮዴ አልሠራም»። ኮዱን ከፍቼ አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው፤ ልጁ ግን ፕሮግራሚንግ አይገባኝም ብሎ ሊተወው ደርሷል። ይህ በጣም ያናድደኛል። ስለዚህ ደጋግሜ ያየሁትን ልጻፈው። የማወራው ስለ ፓይ 4 ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሚሞሪ ካርድ ላይ መጫንና ኬብል መሰካካት ታውቃላችሁ ብዬ እነሳለሁ።

ኮዱ ሲጀምር ሪስታርት ያደርጋል፣ ኪቦርዱ ፊደል ይዘላል፣ ዋይፋይ ይቆራረጣል

ምልክቱ ይለያያል እንጂ ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው። ፓይው የሚበቃውን ኃይል አያገኝም። ስክሪኑ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ወይም ቮልቴጅ አነሰ የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልትና 3 አምፒር ነው። ቮልቴጁ ከ4.63 ገደማ በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ይመጣል፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። «የኔ ቻርጀር እኮ 33 ዋት ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ያ ትልቅ ዋት የሚገኘው ቻርጀሩ ከስልኩ ጋር ተግባብቶ ቮልቴጁን ከ5 በላይ ሲያወጣ ነው። ፓይ 4 እንዲህ አይጠይቅም። የሚያገኘው 5 ቮልት የሚለውን መስመር ብቻ ነው፤ እዚያ መስመር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጻፈው 2 አምፒር ነው።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ኬብሉ ሌባ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ቀጫጭን ርካሽ ኬብሎች ውስጣቸው ያለው መዳብ የፀጉር ያህል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የኬብሉ ተቃውሞ ደርሶ መልስ 0.4 ኦም ቢሆንና 1 አምፒር ቢያልፍበት 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ቢወጣም ፓይው ጋ የሚደርሰው 4.6 ነው። በቃ፣ ከ4.63 በታች ወረደ። ስልክ በዚህ ኬብል ቀስ ብሎ ቻርጅ ያደርጋል፣ ማንም ልብ አይለውም። ፓይ ግን አይታገሥም። አጭርና ወፍራም ኬብል ግዙ፤ ከተቻለ ገመዱ ከራሱ ጋር የተያያዘውን ዋናውን የራስፕቤሪ ቻርጀር።

አንዷ ተማሪ ፕሮግራሟ ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ይሞትባት ነበር። መስመሩን ደጋግማ ጽፋዋለች፣ ጓደኞቿም አይተውላታል። ያ መስመር ሰርቮ ሞተሩን የሚያዞረው ነው! ሞተሩ ኃይል የሚያገኘው ከፓይው 5 ቮልት ፒን (ቦርዱ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ የብረት እግሮች አንዱ) ነበር፤ ሲነሳ ኃይሉን ስቦ ፓይውን ያጠፋዋል። ሞተሩን ለብቻው ባትሪ ሰጠነው፤ ከኮዱ አንድ ፊደል አልተነካም። ይህን ስታደርጉ የባትሪውንና የፓይውን ግራውንድ (ኔጋቲቩን) አገናኙ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ትእዛዙን አይሰማም። የባትሪውን ፖዘቲቭ ግን ከፓይው ጋር በፍጹም አታገናኙ።

ሌላው ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ፓይ ነው። ዋናው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። ችግሩ ጠፍጣፋ እግሩን ከእኛ ሶኬት ጋር የምታገናኘው ርካሽ አዳፕተር ናት። ትላላለች። ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ሪስታርት የሚያደርግ ፓይ አጋጥሞኛል፤ ባለቤቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ደጋግሞ ጭኖበታል። አዳፕተሯን በእጃችሁ ነካ አድርጋችሁ አትሞክሩ፤ 220 ቮልት ነው። አውጥታችሁ ቀይሯት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም አለ

ሚሞሪው ላይ እየተጻፈ ሳለ ኃይሉ ተቋርጦ ፋይሎቹ ተበላሽተዋል። ሚሞሪውን እንደገና ከመጫናችሁ በፊት ሊኑክስ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ኮዳችሁን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ወደፊት ግን ኮዳችሁን ፍላሽ ላይ ቅዱ። በየቀኑ! ስትጨርሱም ሹት ዳውን አድርጉ፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭታዋን ሳታቆም ከሶኬት አትንቀሉ። ፓወር ባንክ ያድነኛል ካላችሁ መጀመሪያ ሞክሩት፤ ብዙዎቹ ቻርጅ ሲሰካባቸውና ሲነቀልባቸው ለቅጽበት ያቋርጣሉ።

መብራት ሳይጠፋ የሚበላሽ ከሆነ ሚሞሪው ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ አለ። መጀመሪያ ይሠራል፣ ሲሞላ ፋይላችሁን ይበላል። ይህን ለተማሪ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም። ስትገዙ ሚሞሪውን እስከ ጥግ ሞልታችሁ መልሳችሁ ፋይሎቹን ክፈቱ።

ኮዱ ራሱ ሲሳሳት

ኢንቫሊድ ካራክተር ብሎ 1361 የሚል ቁጥር ካሳያችሁ በአማርኛ ኪቦርድ ሁለት ነጥብ መትታችኋል። 1362 አራት ነጥብ፣ 1363 ነጠላ ሰረዝ ነው። ለዓይን ስለሚመሳሰሉ ሰው ሲፈልግ ይውላል። ፓይተን 3 «ዋጋ» ወይም «ስም» የሚል የተለዋዋጭ ስም ያለ ችግር ይቀበላል፤ ሥርዓተ ነጥቡ ግን የእንግሊዝኛው መሆን አለበት።

ትናንት የሠራው ኢምፖርት ዛሬ እምቢ ካለ የፋይላችሁን ስም እዩ። ራንደም ወይም ተርትል ብላችሁ በእንግሊዝኛ ሴቭ ካደረጋችሁት ፓይተን ከዋናው ላይብረሪ ይልቅ የእናንተን ፋይል ያነባል። ስሙን ቀይሩ።

የኮሜንት ምልክቷን (#) ስትመቱ የፓውንድ ምልክት (£) ከመጣ ኪቦርዱ የእንግሊዝ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሴቲንግ ገብታችሁ የአሜሪካ አድርጉት።

ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ኬብሉን ከቻርጀሩ አጠገብ ባለው ኤችዲኤምአይ ሰኩ።

ኢንተርኔት ሳይኖር ቆይቶ ፕሮግራም አልጭንም ካለ ቀኑን አስተካክሉ፤ ፓይ 4 በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የለውም።

ኤልኢዲው ካልበራ ረጅም እግሩ ወደ ፒኑ፣ አጭሩ ወደ ግራውንድ መሆኑን እዩ። ቀጥሎ ቁጥሩን፦ ፒኖቹን ከፓይተን የምናዝበት ጂፒአይኦ ዜሮ የሚባለው ላይብረሪ 17 ሲል ሁለቱን ረድፍ እያፈራረቃችሁ ስትቆጥሩ 11ኛው ፒን ማለቱ ነው። ሬዚስተር ሳታስገቡ አትሞክሩ፤ 330 ኦም ይበቃል። ፒኖቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚመልስ ሴንሰር በቀጥታ ከሰካችሁ ፒኑ ሊቃጠል ይችላል፣ አንዳንዴም ቦርዱ አብሮ ይሄዳል። አንዴ ከተቃጠለ መፍትሄ የለኝም።