የጉዞ ጦማር ሲታመም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የሌሎች ሰዎችን የጉዞ ጦማር ስጠግን ዓመታት ስላለፉ፣ ባለቤቱ ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ምን እንደሆነ የምገምትበት ጊዜ ይበዛል። ፕለጊን (ጦማሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ማደስን፣ የተሰበረ ማስፈንጠሪያ ማስተካከልንና የመሳሰለውን አድርገዋል ብዬ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ግን እንዳላደረጉ እጠረጥራለሁ፦ ጦማርዎን ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ በአሮጌ ስልክ ከፍተው አያውቁም። አንባቢዎ ያለው እዚያ ነው። ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ሻንጣውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ አውራ ጣት ገጽዎን ወደ ታች እየገፋ ማደሪያ ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ጦማሩን የሚያዩት በሰፊ ስክሪንና በፈጣን መስመር፣ ወንበር ላይ ተደላድለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚወለደው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ነው።

ምልክት፦ «እኔ ጋር በደንብ ይከፈታል፤ ሰው ግን ገብቶ ወዲያው ይወጣል»

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ምክንያቱም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በፊት ገጹ አናት ላይ እየተቀያየሩ የሚያልፉ ትልልቅ ፎቶዎች፣ ማለትም ስላይደር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ባለ 4 ሜጋባይት አምስት ፎቶዎች ስላይደሩ ላይ ሲደረደሩ 20 ሜጋባይት ሆኑ። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህ ለመውረድ 80 ሰከንድ ይፈጃል። ጉግል የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። በመንገድ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ከጉግልም ያነሰ ትዕግሥት ነው ያለው። ሁለተኛውን ፎቶ እንኳን ሳያይ ሄዷል።

እርስዎ ጋር የሚፈጥነው ብራውዘርዎ ፎቶዎቹን ቀደም ሲል አውርዶ ስላስቀመጣቸው ነው። በስውር መስኮት፣ ማለትም ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን በማይጠቀምበት መስኮት፣ ይክፈቱትና ያኔ እንነጋገር።

ጦማራቸውን በዎርድፕረስ፣ ማለትም በጦማር መሥሪያው ፕሮግራም፣ የሠሩ «ዎርድፕረስ ፎቶውን ራሱ ያሳንሰዋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የአንድን ፎቶ የተለያዩ መጠኖች ለብራውዘሩ ያቀርባል፤ ብራውዘሩም ለስክሪኑ የሚበቃውን ይመርጣል። ብዙ ስላይደሮች ግን ፎቶውን እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ገጹ ዳራ አድርገው ነው የሚያስገቡት። ያኔ ብራውዘሩ የሚመርጠው ነገር አይኖረውም፤ ለትንሿ ስልክም ትልቁ ፋይል ይላካል። ይህን ሳያስታውቁ ስላይደር የሚሸጡ ሰዎች ላይ ያለኝን አስተያየት እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

አንድ ደንበኛዬ ገጹ ስለዘገየበት በተከታታይ ሁለት ጊዜ የተሻለ ሰርቨር (ጦማሩ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ተከራየ። ስላይደሩን ሳወጣው ገጹ በመጀመሪያው ሰርቨር ላይም ቢሆን ይበቃው እንደነበር ታየ። ሌላዋ «ፎቶዎቼን አሳንሻለሁ» ብላ ማለችልኝ። ያሳነሰችው ግን በጽሑፍ ማዘጋጃው ላይ የፎቶውን ጥግ በመጎተት ነበር። ይህ መታያውን ያጠብባል እንጂ ከፋይሉ ክብደት አንድ ባይት አይቀንስም። ሦስተኛው ደግሞ «ጥራቱ እንዳይቀንስ» ብሎ የሁለት ዓመት ፎቶዎቹን በሙሉ ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጦ አገኘሁት። ፒኤንጂ ለአርማና ለሥዕላዊ መግለጫ ግሩም ነው፤ ለመልክዓ ምድር ፎቶ ግን በከንቱ ከባድ ነው። ለዓይን ምንም ልዩነት ሳይሰጥ ፋይሉን በብዙ እጥፍ ያገዝፈዋል።

መፍትሄው ስላይደሩን ማውጣት ነው፤ ማሻሻል ወይም ማፍጠን አይደለም። በቦታው አንድ ፎቶ ያድርጉ። ስፋቱን 1600 ፒክስል ያህል አድርገው፣ በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት በጄፔግ ከሆነ ጥራቱን ከ75 እስከ 80 ባለው ላይ፣ ቢቻል ደግሞ ከእሱ በሚቀለው በዌብፒ ያስቀምጡት። ከ200 እስከ 300 ኪሎባይት በላይ ከሆነ እንደገና ይሞክሩ። ወደ ጦማሩ የሚጫነው ቅጂው ነው፤ ዋናውን ፎቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ዋናውን አሳንሶ በላዩ ላይ ያስቀመጠና ወደ እኔ ያለቀሰ ሰው አለ፤ ያንን መመለስ አይቻልም።

የእያንዳንዱን ፎቶ ስፋትና ቁመት በኮዱ ውስጥ ያስጽፉ። አለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፤ አንባቢውም ሊጫን ያሰበውን ስቶ ማስታወቂያ ይነካል። ከታች ያሉት ፎቶዎች አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲወርዱ ያድርጉ። የመጀመሪያውን ፎቶ ግን በዚህ ውስጥ አያካትቱት! ገጹን ለማፍጠን የተባለ ፕለጊን ሁሉንም በጅምላ አዘግይቶ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበትን ፎቶ መጨረሻ ሲያመጣው ደጋግሜ አይቻለሁ። እንደነዚህ ያሉ ፕለጊኖችን ሁለትና ሦስት አድርጎ መጫንም ነገሩን ያባብሰዋል፤ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

ምልክት፦ «ጦማሬ የሌላ ሰው ጦማር ይመስላል»

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሌላ ሰው ስለሆነ። የቴምፕሌቱ፣ ማለትም ጦማርዎ የቆመበት ዝግጁ ንድፍ፣ ሠሪ ለማሳያ የራሱን ፎቶዎች ደርድሮበት ነበር፤ እርስዎ እነሱን አውጥተው በዚያው ቀዳዳ የእርስዎን ከተቱ። እሱ ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሳው ፎቶ በነበረበት የእርስዎ ፀሐይ ጠለቀች። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ገደል አፋፍ ላይ በቆመበት እርስዎ ቆሙ። ሜኑው ላይ «ጀብዱ»፣ «መነሳሻ»፣ «ሕይወት» ይላል። ማን ነው መንገድ ላይ ቆሞ «መነሳሻ» የሚጫነው?

ቴምፕሌት መቀየር መፍትሄ አይደለም። በአንድ ዓመት አራት ጊዜ የቀየረ ሰው አውቃለሁ፤ በየጊዜው ሌላ አዲስ ሰው ከመምሰል በቀር ያገኘው ነገር የለም።

እኔ ባለቤቱን የምጠይቀው ስለ ቀለም አይደለም። «ከጉዞ ስትመለስ ሌላው ያላየውን ምን ይዘህ ትመጣለህ?» እላለሁ። አንዷ ሕፃን ይዛ የምትጓዝ ነበረች፤ ይህንን ግን የትውውቅ ገጹ ላይ ካልሆነ በቀር የትም አልጻፈችውም። በእያንዳንዱ ጽሑፍ አናት ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ሣጥን አደረግንላት፦ የልጅ ጋሪ እስከ የት ይሄዳል፣ ጥላ የት አለ፣ መጸዳጃ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል። አርማና ቀለም አልነካንም። ከዚያ በኋላ ግን ገጿ ከማንም ጋር አይምታታም። ሌላው በባቡር ብቻ የሚጓዝ ነው። የፊት ገጹን መስመሩ የተሠመረበት ሥዕል አደረግነው፤ ጣቢያዎቹ ራሳቸው ሜኑ ሆኑ፤ ጣቢያውን ሲነኩት ስለዚያ ከተማ የጻፈው ይከፈታል። አንድ ደግሞ ፎቶው ደካማ፣ የእርሳስ ንድፉ ግን ድንቅ የሆነ ሰው ነበር። ንድፎቹን ለዓመታት በመሳቢያ ቆልፎባቸው፣ ጦማሩ ላይ እነዚያን ደካማ ፎቶዎች ይለጥፍ ነበር!

መፈተሻው ቀላል ነው። የጦማሩን ስም በእጅዎ ሸፍነው አንዱን ጽሑፍ ለሚያውቅዎት ሰው ያሳዩ። የማን እንደሆነ ካላወቀ ሥራው ገና ነው።

ሜኑውን ደግሞ በቦታ፣ በቀን ብዛትና በመጓጓዣ ይክፈሉት። ጽሑፉንም «ከልጅነቴ ጀምሮ መጓዝ ያስደስተኛል» ብለው አይጀምሩ። እንዴት እንደደረሱ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ምን ተዘግቶ እንዳገኙ ከላይ ያስቀምጡት። ልጅነትዎን ማወቅ የሚፈልግ ታች ድረስ ይመጣል።

ምልክት፦ «ይህ መረጃ አሁንም ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ይደጋገማል

ቀኑ የለም። ቴምፕሌቱ ደብቆት ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ትኩስ እንዲመስል ሆን ብለው ያጠፉትም ሞልተዋል። ሁለት ቀን ይጻፉ፦ የተጓዙበትንና መረጃውን መጨረሻ ያረጋገጡበትን። ምንም ሳያጣሩ ሁለተኛውን ቀን ብቻ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። እነሱን አምኖ የተዘጋ በር ላይ የደረሰ ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ መመለስም የለበትም።

ምልክት፦ ጽሑፉ ለማንበብ ያስቸግራል

ፎቶ ላይ የተጻፈ ነጭ ርዕስ ደመና ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል። በፊደሉና በፎቶው መካከል ጠቆር ያለ ስስ ሽፋን ያድርጉ፤ ወይም ርዕሱን ከፎቶው በታች ያውርዱት፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «ያምራል» ተብሎ የሚመረጠው ስስ ግራጫ ጽሑፍም ፀሐይ ላይ ባዶ ወረቀት ነው።

በአማርኛ ለሚጽፉ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቴምፕሌቱ ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስልክ ያገኘውን ፎንት ይተካል፤ መልኩም ከስልክ ስልክ ይለያያል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለውን ራስዎ ይምረጡ። በመስመሮች መካከል ያለውንም ቦታ ሰፋ ያድርጉ። ፊደላችንን አያጋድሉት፤ ኮምፒውተሩ በግድ ያጋደለው ፊደል የወደቀ አጥር ይመስላል።

ብቅ የሚል መስኮት

ገጹ በተከፈተ በሦስተኛው ሰከንድ «ይመዝገቡ» እያለ ስክሪኑን የሚሸፍነው። ያውጡት። ጉግል ከጥር 2017 ጀምሮ በስልክ ላይ ጽሑፉን የሚጋርዱ ገጾችን በፍለጋ ውጤት ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል አሳውቋል። መመዝገቢያውን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ እዚያ የደረሰ ሰው ወዶ ነው የደረሰው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ፎቶው በአይፎን ተነስቶ ብዙ ሰው ጋር የማይታይ ከሆነ፣ ፋይሉ ኤችኢአይሲ ነው፣ አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጥበት ዓይነት፤ ወደ ጄፔግ ይቀይሩት።

ፎቶው በጎኑ ተኝቶ ከታየ፣ የአቅጣጫ መረጃው ሲሰረዝ ፎቶው ራሱ አልዞረም ማለት ነው፤ መጀመሪያ አዙረው ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይጫኑ።

ቀለሙ ከተጫነ በኋላ ከደበዘዘ፣ ሲያስቀምጡት ቀለሙን ወደ ኤስአርጂቢ፣ ድረ ገጾች ወደሚጠቀሙበት የተለመደ የቀለም አመዳደብ፣ ይቀይሩት።

ካርታው ገጹን ካዘገየ፣ በቦታው የካርታውን ምስል ያድርጉ፤ እውነተኛው ካርታ አንባቢው ሲነካው ብቻ ይከፈት።

አንድ የማላልፈው አለ። ስልክዎ ፎቶው የተነሳበትን ትክክለኛ ቦታ ፋይሉ ውስጥ ሊጽፍ ይችላል። ካረፉበት ክፍል መስኮት ያነሱትን ፎቶ በዚያው ምሽት ካወጡት፣ የሚያድሩበትን ቤት ለማያውቁት ሰው ሁሉ ተናገሩ ማለት ነው። ከመጫንዎ በፊት የቦታ መረጃውን ያጥፉ፤ ጽሑፉንም ከዚያ ቦታ ከለቀቁ በኋላ ያውጡት።