ሰርግ ከመደገስ በፊት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ሰርግ ዝግጅት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአዳራሹ፣ የምግቡ፣ የዲኮሩና የመኪናው አጀብ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ላይ የሚታይ ጉድለት ግን ከሰሞነኛ ሐሜት አያልፍም። ለዓመታት የሚያስከፍለው ስህተት የሚሠራው ከድግሱ አስቀድሞ፣ ጋብቻው ራሱ በሚቋጭባቸው ደረጃዎች ላይ ነው፤ ቀን ሲቆረጥ፣ ሽማግሌ ሲላክ፣ ዝምድና ሲቆጠር፣ ሃይማኖታዊው ሥርዓት ሲወሰንና ውል ሲፈረም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰቦች ዘንድ ተደጋግሞ የሚታየው የመጀመሪያው ስህተት ለአዳራሽ ቀብድ ከከፈሉ በኋላ የጾሙን ወቅት መመልከት ነው። በጾም ሰርግ አይደገስም። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ በአንዱ ሰኞ ይገባል፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በዚህ የተነሣ አምና ለሰርግ ምቹ የነበረ ሳምንት ዘንድሮ በጾም መካከል ሊገኝ ይችላል። በጥር ወር አዳራሽ የሚጠፋውና ዋጋው የሚንረውም ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ነው። በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚቸገሩት ከውጭ አገር መጥተው የሚደግሱት ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ የዓመት መጨረሻ ፈቃድ የሚሰጥበት ሰሞን ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ በሚጾመው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል። የበጋ ዕረፍታቸውም ቢሆን እስከ ሐምሌ 4 ከሚዘልቀው ከጾመ ሐዋርያትና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሚጾመው ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይጋጫል፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው የሐምሌ ክፍተት ደግሞ ዝናብ የማያባራበት ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ በፊት የዓመቱን የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ማየት ወይም የንስሐ አባትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ሽምግልናን ለወጉ ያህል ብቻ የሚፈጸም ጉዳይ አድርጎ መቁጠር ነው። በየከተማው እንደሚታየው ጥንዶቹ ተስማምተው፣ አዳራሹ ተይዞ፣ የጥሪ ካርዱም ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው ሽማግሌ የሚላከው። ሽማግሎቹ ደጅ ደርሰው «ተቀመጡ» ሲባሉ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ እንደማይቀመጡ ይገልጻሉ፤ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ይላሉ፤ የሴቷ ወገንም ተመካክሮ መልስ ለመስጠት ቀጠሮ ይሰጣል። ይህ ቀጠሮ ለክብር ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ቤተሰቡ ስለ ልጁ ጠባይና ስለ ዝምድናው አጣርቶ የልጅቱን ፈቃድ ደግሞ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ካርዱ አስቀድሞ ከታተመ አባትና እናት የሚጠየቁት ፈቃድ ሳይሆን ጭብጨባ ይሆናል፤ ቅር የተሰኘ አማትም ቅሬታውን በዚያው ቀን ባይናገረው እንኳ ውሎ አድሮ ይናገረዋል። የሽማግሌ አመራረጥም ጥንቃቄ ይሻል፤ ማዕረግና ሀብት ስላለው ብቻ ከተመረጠ እንግዳ ሰው ይልቅ ሁለቱን ቤተሰቦች የሚያውቅና ነገ ጠብ ቢነሣ ለዕርቅ የሚቀመጥ ሰው ይሻላል።

ከሽምግልናው ጋር አብሮ የሚሄደው ሦስተኛው ስህተት ዝምድና ሳይቆጠር ብዙ ርቆ መሄድ ነው። በአማራውና በትግራዩ ክርስቲያን ማኅበረሰብ፣ እንዲሁም በቤተ እስራኤል ዘንድ፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባት ነውር ሆኖ ኖሯል። የዛሬ ወጣት በመታወቂያው ላይ የሰፈረውን የአባቱንና የአያቱን ስም ያውቃል፤ የእናቱን እናት አባት ግን ብዙውን ጊዜ አያውቅም። ዝምድናው ተደብቆ የሚቀረውም በዚሁ በእናት በኩል ባለው መሥመር ነው፤ ምክንያቱም በአባት ስም በሚጠራ ሕዝብ ውስጥ የእናት ዘር በስም አይታይም። በሕይወት ያሉ አያቶችን ቀድሞ መጠየቅ ከቀለበት በኋላ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል። ሕጉን ተማምኖ ማለፍም አያዋጣም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ክልል ጠባብ በመሆኑ ለሕግ የሚያስማማው ለአያቶች ላያስማማ ይችላል። በሌላ በኩል የሰባት ቤቱን ልማድ የአገሪቱ ሕዝቦች ሁሉ ልማድ አድርጎ መናገር ራሱን የቻለ ስህተት ነው። በአፋሮች ዘንድ አብሱማ በሚባለው ሥርዓት የአክስትና የአጎት ልጆች መጋባታቸው የሚጠበቅ ነገር ነው። ከሌላ ብሔረሰብ ጋር የሚዛመድ ቤተሰብ የራሱን ነውር የሌላውም ነውር ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ይጠይቅ።

ዝምድናን ማጣራት ግን ዘርን ከመምረጥ የተለየ ነገር ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ የጋብቻ ዕድሜዋ ያልፋል፤ ልቧ ያረፈበት በዛብህም የባላገር ልጅ በመሆኑ በአባቷ ዘንድ የሚታሰብ አልነበረም። ልብ ወለዱ ዛሬም ሰው የሚያንገበግበው «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ሳሎኖች ገና ስላልወጣ ይመስለኛል። ሽማግሌ የሚያጣራው ጠባይንና ዝምድናን ነው፤ የዘር ደረጃ ማበላለጥን ከባህሉ ጋር አብሮ ማስቀጠል ግን ግዴታ አይደለም።

አራተኛው፣ ካባ ደርቦና አክሊል ደፍቶ የሚታይን ሙሽራ ሁሉ ተክሊል እንደ ፈጸመ መቁጠር ነው። ሥርዓተ ተክሊል ድንግልናቸውን ጠብቀው ለቆዩ ጥንዶች የሚፈጸም ሲሆን፣ ለሌሎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሌላ የጸሎትና የቡራኬ ሥርዓት አላት። በሁለቱም መንገድ ጋብቻው የሚታተመው በቅዱስ ቁርባን ነው። ለቁርባን የሚቀርብ ሰው ንስሐ መግባትና ቢያንስ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል ስላለበት፣ በዋዜማው ማምሻ ራት ግብዣ ያዘጋጀ ወይም ጧት ለፎቶ ፕሮግራም ቀጠሮ የያዘ ቤተሰብ ቅዳሴው ላይ ደርሶ ይጨነቃል። ይህን ሁሉ ከቪዲዮ ባለሙያው በፊት ማወቅ ያለበት የንስሐ አባት ነው።

ጥሎሽንና መህርን ማምታታት በተለይ በጎረቤታሞች መካከል የተለመደ ነው። በእስልምና ሥርዓት መህር የሙሽሪት የራሷ ሀብት ነው፤ አባቷም ሆነ ወንድሟ እንደ ልጅ ዋጋ ሊቀበሉት አይችሉም። ጥሎሽ ደግሞ የሙሽራው ወገን ይዞት የሚመጣ የልብስና የጌጥ ስጦታ ነው። በሰው ፊት እየተነሣ መቆጠሩ ያለ አቅም ወደ መፎካከር ስለሚወስድ ልኩን ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይበጃል።

የመጨረሻው ስህተት የምዝገባና የውል ጉዳይ ስለሆነ ብዙም አይወራም፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉም ይብሳል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ይቀበላል፤ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመው ሰማንያ በቂ ነው ብለው ይቀመጣሉ። ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም መመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ጋብቻ ቪዛ ሲጠየቅ፣ ውርስ ሲነሣ ወይም ፍቺ ሲመጣ በምስክር ማስረዳትን ይጠይቃል። ንብረትን በተመለከተም በአንዱ ስም የተመዘገበ ቤት ወይም መኪና የዚያው ሰው የግል ሀብት ነው ብሎ ማሰብ ያሳስታል። ሕጉ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ በባልና ሚስት እጅ ያለን ንብረት የጋራ አድርጎ ይወስዳል፤ ከጋብቻ በፊት የነበረና በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ ሀብት ግን የግል ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ከጋብቻው በፊት ቤት የሠራ ሰው ሰነዱን በቀኑ ይያዝ። በጋብቻ ውል መወሰን የሚሹ ጥንዶችም ውሉን ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ አድርገው፣ ከሙሽራው ሁለት ከሙሽሪት ሁለት በድምሩ አራት ምስክሮች ማስፈረም አለባቸው። የሚዜዎች ልብስ ተሰፍቶ ባለቀበት ሳምንት ስለ ውል መነጋገር ከተጀመረ አንዱ ሌላው እንዳላመነው አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ብቻቸውን ቢጨርሱት ግን ጭቅጭቅ አይሆንም።