መድኃኒት እየወሰዱ መሥራት፦ ለአሠሪ የሚነገረውና የማይነገረው

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ የቆመ፣ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ሚኒባስ የሚያወርድ፣ ቢሮ ተቀምጦ ሒሳብ የሚሠራ፦ ሦስቱም አንድ ዓይነት ኪኒን ሊታዘዝላቸው ይችላል። ለአሠሪያቸው የሚናገሩት ግን አንድ አይደለም። ወሳኙ የመድኃኒቱ ስም ሳይሆን በያዙት ሥራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። አሠሪ ማወቅ ያለበት ሠራተኛው የትኛውን ሥራ እስከ መቼ መሥራት እንደማይችል ነው። የበሽታው ስም የታካሚውና የሐኪሙ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ

መድኃኒቱን ስትረከቡ ሥራችሁን ለፋርማሲስቱ ንገሩና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያስተኛል? ያዞራል? ስኳር ወይም ግፊት ድንገት ዝቅ ያደርጋል? "ጠዋትና ማታ ምግብ ከበላህ በኋላ" የሚለው ማብራሪያ ብቻውን ለሌሊት ተረኛ አይበቃም። ሺፍታችሁ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ሰዓቱን እንዴት እንደምታዛውሩም በዚያው ጠይቁ።

ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚንና ዳይፌንሃይድራሚን ያስተኛሉ፤ ሎራታዲን ያን ያህል አያስተኛም። ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዚፓም፣ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን፣ ሕመም የሚያስታግሱት ትራማዶልና ኮዴን ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና መጠናቸው ሲጨመር ያደነዝዛሉ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ትንሽ ቢቆረጥም ደሙ ቶሎ አይቆምም፤ መቁረጫ ላይ ለሚሠራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል። ቢሮ ለተቀመጠ ምንም አይደለም፣ ተተኪ ካልመጣ ከመስመሩ መነሳት ለማይችል ስፌት ሠራተኛ ግን ችግር ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ተጨማሪ የመጸዳጃ ፈቃድ ብቻ ነው።

ስኳርን ለብቻው እንየው። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር ኪኒን ምግብ ሲዘገይ ስኳርን ከሚገባው በታች ያወርዳሉ፤ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። ሌላው የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ረመዳንን የሚጾም ወይም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክል። አብሮ የሚሠራ አንድ የሚያምነው ሰው ደግሞ ምልክቱን ቢያውቅና ስኳር ወይም ለስላሳ የት እንደተቀመጠ ቢነገረው ጥሩ ነው። ይህ ለድርጅቱ ማሳወቅ ሳይሆን ለራስ ደህንነት የሚደረግ ነው።

የሚያስተኛ መድኃኒት እየወሰዱ በጫት እነቃለሁ ማለት አያዋጣም፤ ጫት የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍንም ያዛባል፣ በማግሥቱ ድካሙ ይብሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሥራ ቦታ እንዳይታወቅብኝ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ እንደገና ይነሳል፤ ያውም ማሽን ላይ ወይም መሪ ጨብጠው ሳለ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ

መድኃኒቱ ሥራውን የማይነካ ከሆነ ምንም መናገር አያስፈልግም። የሚነካ ከሆነ ከሐኪሙ የሥራ ገደብ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። ይህን ያህል በቂ ነው፦

"ወ/ሮ ____ ሕክምና በመከታተል ላይ ይገኛሉ። ከ____ እስከ ____ ድረስ ተሽከርካሪ ማሽከርከር፣ በሚንቀሳቀስ ማሽን ላይ መሥራትና ከፍታ ላይ መውጣት የለባቸውም። ሌላ ሥራ መሥራት ይችላሉ። ድጋሚ የሚታዩበት ቀን ____።"

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አታስቀሩ። "ሌላ ሥራ መሥራት ይችላሉ" ካልተባለ የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛውን ከነጭራሹ ቤት ይልከዋል። ድጋሚ የሚታይበት ቀን ካልተጻፈ ደግሞ ገደቡ ማብቂያ ያጣና የሁለት ሳምንቱ ጉዳይ ዓመት ይቆያል። የሕመም ፈቃድ ቅጽ ብዙ ጊዜ የበሽታው ስም የሚጻፍበት መስመር አለው፤ ሐኪሙ ከመጻፉ በፊት "ይህ ለመሥሪያ ቤት ነው" በሉት። ከተጻፈና ከታተመ በኋላ ማስለወጥ ጣጣው ብዙ ነው።

ደብዳቤውን ለሰው ኃይል ኃላፊው ወይም ለድርጅቱ ክሊኒክ ነርስ በታሸገ ፖስታ ስጡ፣ ቅጂው ላይ የተቀበለውን ሰው ፊርማና ቀን ያዙ። ለጥበቃ፣ ለሰዓት ተቆጣጣሪ፣ ለፎርማን አትስጡ። በሺፍቱ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ አንስቶ መላክማ ጨርሶ አይሞከርም፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ፎርማኑ የሚያስፈልገው ኃላፊው የሚነግረው አንድ መስመር ነው፦ "እስከዚህ ቀን ድረስ ፎርክሊፍት ላይ አትመድበው።"

በሥራ ቦታ የአንድ ቀን መጠን ብቻ ያዙ፤ ዲያዚፓምና ትራማዶልን የመሳሰሉትን ግን ከማዘዣው ቅጂ ጋር። የተከፈተ ኢንሱሊን ከሙቀትና ከፀሐይ ከተጠበቀ በክፍል ሙቀት 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ስማችሁ ተጽፎበት ካፌው ፍሪጅ ውስጥ ለሁሉም እንዲታይ መቀመጥ የለበትም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ እሱ ቤት ይቀመጥ። በረዶ ከነካው ይጣላል።

ሕጉ

በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። በዚህ አዋጅ መሠረት በሕመም የቀረ ሠራተኛ፣ አሠሪው ካላወቀና ማሳወቅ የሚቻል ከሆነ፣ በማግሥቱ ማሳወቅና መንግሥት ዕውቅና ከሰጠው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት አለበት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ።

አሠሪ በቂ ምክንያት ሲኖረው የጤና ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል፤ እምቢ ማለትም ጥፋት ሊሆን ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱን አልመረመርም ማለት አያስጠይቅም። በሕግ የተከለከለ ዕፅ ወስዶ ወይም ጠጥቶ ሥራ መግባት የተከለከለ ነው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም፤ ሆኖም ኮዴን በሽንት የዕፅ ምርመራ ሊያሳብቅ ስለሚችል ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት የታዘዘ መድኃኒት እንዳላችሁ ለክሊኒኩ ነርስ ብቻ ንገሩ። የግል ሕይወት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል።

የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው መድኃኒት ከጀመረ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ መድኃኒቱ የሚሠራለት ከሆነ፣ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል፤ ሕክምናው ግን በተለመደው ሥርዓት 6 ወር ነው። ወደ ሥራ የሚመለሰው ጤና ባለሙያው ሲፈቅድ ነው። አብረውት የሠሩትን የመመርመሩ ሥራ የጤና ተቋሙ እንጂ ስም እየጠራ የሚያስጠነቅቅ ኃላፊ ድርሻ አይደለም።

ደንብ ለምታረቅቁ የሰው ኃይል ባለሙያዎች

"ሠራተኛው የሚወስደውን ማንኛውንም መድኃኒት ያሳውቃል" የሚል አንቀጽ አትጻፉ። ሁለት ነገር ያመጣል፦ ሰዎች ይዋሻሉ፣ እናንተ ደግሞ ልትጠብቁት የማትችሉት ምስጢር ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ይልቅስ አደገኛ የሆኑትን የሥራ መደቦች በስም ዘርዝሩ፤ ሾፌር፣ ፎርክሊፍት፣ ቦይለር፣ መቁረጫ፣ ከፍታ ላይ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን። የማሳወቅ ግዴታው ለእነዚህ መደቦች ብቻ ይሁን፤ የሚጠየቀውም ገደቡ እንጂ ስሙ አይሁን። የጤና ወረቀት ከግል ማህደሩ በተለየ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፣ ማን እንደከፈተው ይመዝገብ፣ መቼ እንደሚወገድም ደንቡ ይናገር። ያሳወቀ ሠራተኛ በሌላ ሥራ ሲመደብ ደመወዙ እንደማይነካም ጻፉ። ይህ አንድ መስመር ከሌለ የቀረውን የሚያምን አይኖርም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሾፌር ዝም ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል።

በእኛ አካባቢ ምስጢር የሚወጣው በክፋት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በደግነት ነው። ሰው ሁለት ቀን ከቀረ ባልደረቦቹ ለጥየቃ ይነሳሉ፣ ጸሐፊዋም ጎረቤቱ ወይም የእድሩ አባል ልትሆን ትችላለች። "ምን አግኝቶት ነው?" ለሚል ሁሉ መልሱ አስቀድሞ ይሰጣት፦ "ፈቃድ ላይ ነው፣ ደህና ነው፣ ለራሱ ደውሉለት።" ጥየቃው አይቀርም፣ ወሬው ግን ከቢሮ አይወጣም።

መረጃው ከወጣ ወይም ሠራተኛው መድኃኒት በመውሰዱ ምክንያት በሥራው ላይ በደል ከደረሰበት መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክት፤ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረ ይጻፍ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ቅጂ ይግባለት፣ ካልተፈታ ወደ ከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ይሂድ። ከሥራ ከተሰናበተና ልመለስ የሚል ከሆነ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ ይቀራል፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ደግሞ ያለው 6 ወር ነው። አቤቱታው ውስጥ የበሽታውን ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ "የጤና መረጃዬ" ማለት ይበቃል።