ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና ስትገዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ የአሮጌ መኪና ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ድሮ ለቁርጥራጭ ይሸጥ የነበረው ሁሉ ተቀጥቅጦ፣ ተቀብቶ ገበያ ይወጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ለገዢ መኪና አያለሁ፤ የሚያናድደኝን እነሆ።

“ተጋጭታለች ወይ?” ብሎ ማቆም። ደላላው “ወንድምዓለም፣ ትንሽ ላሜራ ብቻ ናት” ይላል። ገዢው እፎይ ብሎ ቀለሟን መደባበስ ይጀምራል። ኧረ በእግዚአብሔር! በር ወይም ፓራፋንጎ (ከፊት ጎማው በላይ ያለው የውጭ ላሜራ) ተጣሞ ቢቃና ማን ግድ አለው? ጣጣው ያለው ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናዋን በሚሸከመው አጽም ላይ ነው። ቪትዝና ኮሮላን የመሰሉት እንደ ሃይሉክስ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው። ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚሄዱት ሁለት ብረቶች ግጭት ሲመጣ እየተጨማደዱ ኃይሉን እንዲውጡ የተሠሩ ናቸው። ከተጨማደዱ በኋላ ተስበው ቀጥ ቢሉም እንደ መጀመሪያው አይሆኑም። ስለዚህ የት እንደተመታች፣ ምኗ እንደተቆረጠ፣ ምኗ እንደተበየደ ጠይቁ። ከዚያ መልሱን አትመኑ፤ እዩ።

ኮፈኑን ክፈቱ። የፓራፋንጎው ብሎን ራስ ላይ ቀለሙ ከተላጠ ተፈትቶ ያውቃል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ቀጥሎ ወደ ብረቶቹ ውረዱ። ፋብሪካ በነጥብ ነው የሚበይደው፤ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ትንንሽ ክብ ጎድጓዶች ታያላችሁ። ጋራዥ የበየደው ግን ጉብ ጉብ ያለ መስመር ነው፤ እሱን ለመሸፈን ወፍራም ጥቁር ቅብ ይደፋበታል። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሶ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ጥቁር ቅብ ካያችሁ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ሻጩ ከተቆጣ መልሳችሁን አገኛችሁ።

አንድ ደንበኛዬ የፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነው። ቪትዝ ገዝቶ፣ ስም አዙሮ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ “ውሃ ታስገባለች” ብሎ አመጣልኝ። ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራል። የኋላ ኮፈኗን ከፍተን፣ ምንጣፉን አንስተን፣ ትርፍ ጎማውን አወጣን። የጎማው ማስቀመጫ ዙሪያውን ተበይዷል፤ የሌላ መኪና ጀርባ ተቆርጦ ተቀጥሎላታል። መኪናዋ ነጭ ናት፣ ከስቱኮው (ጎድጓዱን ለመሙላት ከሚለጠፈው) ሥር ያለው ቀለም ግን ብርማ። ምን ልበለው? ከመግዛቱ በፊት ምንጣፉን አንስቶ ቢሆን ኖሮ ውሃውን ፍለጋ ባልመጣ።

“አላይመንት ብቻ ነው”፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀራት የሚለውን መቀበል። ሜዳና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ላላ አድርጉና እዩ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተች “እንግዲያው አሠርታችሁ አምጧት” በሏቸው። ሻንሲው የዞረ መኪና አላይመንት ቢሠራለትም አይይዝም፤ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ወደ ገደሉ የምትስብ መሆኗን እዚያ ማወቅ አይጠቅማችሁም።

የኤርባግ መብራት አለማየት። ቁልፉ ሲዞር በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ሆን ብለው አጥፍተውታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ኢሱዙን እንደ ቤት መኪና መፈተሽ። የቡሬን በቆሎና የአዴትን ጤፍ ከልክ በላይ ሲጭን የኖረ ኢሱዙ ሻንሲው ሳይጋጭም ይሰነጠቃል። ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) የሚታሰርበት አካባቢ ተበይዶ እንደሆነ በባትሪ ብርሃን እዩ። ጭነት እንዲጨምር ሻንሲው የተቀጠለም አለ።

ቦሎና ሊብሬን እንደ ምስክር መቁጠር። ቦሎ መለጠፉ አልተመታችም አያሰኝም። ሊብሬ የሚጠቅማችሁ የሻንሲ ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ ለማስተያየት ነው። በቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ካለ ሂዱ። ኢንሹራንሶች የተጎዱ መኪኖችን በጨረታ እንደሚሸጡም አትርሱ፤ ሻጩን የጨረታ ወረቀት አምጣ በሉት። ከጃፓን ጨረታ የመጣች ከሆነች ወረቀቷ ላይ ደረጃዋ “አር” (R) ከተባለ ተጠግናለች ማለት ነው።

እንዲህ ያለች መኪና በጭራሽ አትግዙ አልልም። ጥገናዋ የታወቀ፣ ዋጋዋም በዚያው ልክ የወረደ ከሆነ ትገዛለች። በደህናዋ ዋጋ የሚገዛት ግን አለ፤ ነገ ሲሸጥ እሱንም እንደሚጠይቁት ይረሳል።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም። “አይቼና ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ” የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ግን በኋላ ለሻጩ መከራከሪያ ትሆንለታለች። በምትኩ በቃል የነገራችሁን አስጽፉ፦ “ከፊት ቀኝ ተጋጭታ ፓራፋንጎና ኮፈን ተቀይሯል፤ ሻንሲዋ አልተነካም።” እውነት የተናገረ ይፈርማል። ካቅማማ ቀብድ ሳትከፍሉ ሻያችሁን ጨርሳችሁ ተነሡ።