ሌቪናስን ለማንበብ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፈረንሳዊውን አይሁዳዊ ፈላስፋ የኢማኑኤል ሌቪናስን (1906–1995፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሐሳብ በአማርኛ ለማስረዳት የሚነሱ ሰዎች በአብዛኛው የሚሰናከሉት በባዕዱ ቃል ሳይሆን በለመዱት ነው።

«ኃላፊነት»ን እንደ ሹመት መስማት። በእኛ አነጋገር ኃላፊነት ይወሰዳል፣ ጊዜው ሲደርስም ይለቀቃል። ሌቪናስ የሚናገረው ግን ከፈቃዴ ስለሚቀድም ግዴታ ነው፤ ፈርሜ አልተረከብኩትም፣ መልቀቂያም የለውም። «ተጠያቂነት» ብትሉት ይሻላል፤ በዚህ ቃል ውስጥ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ከሁሉ የሚቀርበው ኢሳይያስ 6፥8 ላይ ያለው «እነሆኝ» ነው። ሌቪናስ ይህን መልስ የያዘው «እኔ» የሚገባበት፣ በሰዋስው ቋንቋ፣ በባለቤትነት ሳይሆን በተሳቢነት ስለሆነ ነው። አማርኛችንም በ«ጠራኝ» እና በ«ያዘኝ» የምናውቃትን «ኝ» እዚያው አስቀምጦልናል።

«ፊት»ን መልክ ማድረግ። የሰውዬውን የዓይን ቀለም እያስተዋላችሁ ከሆነ ገና አልተገናኛችሁትም። ፊት ማለት ራቁቱን፣ መከላከያ ሳይኖረው የቀረበኝ ሰው፣ ያም ሆኖ «አትግደል» ብሎ የሚያዘኝ ሰው ነው። ወረፋ የያዘ ሰው ማጅራትም ፊት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ሌቪናስን ከሌላው አይሁዳዊ ፈላስፋ ከማርቲን ቡበር ጋር ደባልቆ «አንተ ለእኔ፣ እኔ ለአንተ» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ እየተደጋገመ ሲመጣ ትዕግሥት ያሳጣል፤ ሐሳቡን ከነሥሩ ይነቅለዋልና። ቡበር በ1923 «እኔና አንተ»ን ሲያሳትም የገለጸው ግንኙነት ከሁለቱም ወገን የሚሄድ ነው። ሌቪናስ ከእሱ ብዙ ተምሯል፤ የተለየውም እዚችው ላይ ነው። ለሌቪናስ ሌላው ሰው እንደ ጌታ ከላይ ያዘኛል፣ እንደ መበለትና እንደ ድሀ አደግ ከታች ይለምነኛል፤ እኩያዬ ሆኖ ግን አይመጣም። እሱስ ለእኔ ተጠያቂ አይደለም ወይ ሲባል፣ ያ የእሱ ጉዳይ ነው ባይ ነው። እዚህ «ብድር በምድር» አይሠራም። ውለታ የሚጠብቅ ሰው ገና ሒሳብ እየያዘ ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት፣ በ1963 ስለ ይቅርታ ሲናገር የተነተነውን የታልሙድ (የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ክፍል ተመልከቱ። የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ጽሑፍ፣ ሚሽናው፣ የማስተሰረያ ቀን (የአይሁድ የንስሐ በዓል) ሰው በሰው ላይ የሠራውን በደል የሚያስተሰርየው በዳዩ የበደለውን ሰው ለምኖ ከታረቀ ብቻ ነው ይላል። ከዚያ አንድ ታሪክ ይከተላል። ራቭ የተባለውን ሊቅ ያስቀየመ ሥጋ ሻጭ በበዓሉ ዋዜማ ሳይመጣ ቀረ። ራቭ፣ የተበደለው ራሱ፣ ተነሥቶ ወደ እሱ ሄደ። ሥጋ ሻጩ የከብት ጭንቅላት እየፈለጠ ነበር፤ ቀና ብሎ «ሂድ፣ ካንተ ጋር ጉዳይ የለኝም» አለው። ወዲያው አጥንት ተስፈንጥሮ ገደለው። የተበዳዩ ተጠያቂነት ለበዳዩ ይቅርታ እስከ መጨነቅ ይደርሳል፤ መጨረሻው እንዲያምር ግን ዋስ የሚሆን የለም።

ሌቪናስ ለሌላው ተጠያቂ የሆነውን «እኔ» የሚጠራበትን «ታጋች»ን በ«ዋስ» መተካትም ይታያል። ዋስ ወዶ ይገባል፤ ታጋች ፈቃዱን አይጠየቅም። ታጋች ብላችሁ ተዉት።

ፍትሕን ረሳ ብሎ መክሰስ። በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ብንሆን ጥያቄ አይነሣም ነበር። ነገር ግን ከአፌ የነጠልኩትን ዳቦ ለአንዱ ስዘረጋ በሩ ላይ ሌላ የራበው ቆሟል። ማን ይቅደም? የማይነጻጸሩትን ማነጻጸር ግድ ይሆናል፤ ሕግ፣ ዳኛና መንግሥት የሚመጡት ከዚህ ነው። በ1974 የታተመውን የሌቪናስን መጽሐፍ (Autrement qu'être) 5ኛ ምዕራፍ ሳያነቡ ይህን ክስ መጻፍ አይገባም።

የሌቪናስን ሐሳብ ሁሉ ከናዚዎች ጭፍጨፋ ማስጀመር። ሊቱዌንያ የቀሩት ወላጆቹና ወንድሞቹ መገደላቸው እውነት ነው። ነገር ግን የሐሳቡ ሥር ከዚያ ይቀድማል፤ በ1918 የሞተው ጀርመናዊ አይሁዳዊ ፈላስፋ ሔርማን ኮኸን፣ «ከጎኔ ያለው ሰው» «ባልንጀራዬ» የሚሆነው ለድህነቱ በሚሰማኝ ርኅራኄ መሆኑን ጽፎ አልፏል። ሌቪናስ ብዙ የተማረበት ፈላስፋ ፍራንዝ ሮዘንዝቫይግም በ1921 የወጣውን መጽሐፉን የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በባልካን ግንባር ወታደር ሳለ፣ በፖስታ ካርዶች ላይ ነው።

ከከባዱ መጽሐፍ መጀመር። በ1981 በፈረንሳይ ሬዲዮ የተሰሙትን የሌቪናስን ቃለ ምልልሶች (በመጽሐፍ Éthique et infini) አስቀድሙ። ከዚያ በ1961 ከታተመው መጽሐፉ (Totalité et infini) ሦስተኛውን ክፍል፣ በመጨረሻም የ1974ቱን 4ኛ ምዕራፍ አንብቡና ሳታቋርጡ ወደ 5ኛው እለፉ።