የወጣትንም የአዛውንትንም የጡንቻ አቅም ሳይጎዱ እንዴት መለካት ይቻላል

ወጣትና አዛውንት ለልኬት ሲቀርቡ አደጋው የሚመጣው ከየራሱ አቅጣጫ ነው። ጎረምሳው «60 ኪሎ የቡና ኬሻ ተሸክሜ መኪና ላይ የምጭን ሰው ነኝ» ብሎ ከአቅሙ በላይ ይጠይቃል። እማማ ደግሞ ጉልበታቸው እየጠዘጠዛቸው «ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ። ስለዚህ እሱን መግታት፣ እሳቸውን ደግሞ በዘዴ ማናገር የለኪው ሥራ ነው።

መጀመሪያ የደም ግፊት ይለኩ። ተለኪው ጀርባውን አስደግፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ጅማ ላይ ቡና ሳይጠጣ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነውና ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ጫት የቃመውን ለሌላ ቀን ይቅጠሩት፤ ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። የላይኛው ቁጥር 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ የዚያን ቀን ልኬት የለም፤ ወደ ጤና ተቋም ይላኩ። ሥራ ሲሠራ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ በስኳር ምክንያት ዓይኑ የተጎዳም እንዲሁ ሐኪም ሳያየው አይለካም። በረመዳን ከማፍጠር በፊት፣ በሌላውም ጾም ሳይበላ የመጣን ሰው አይለኩ፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነማ በፍጹም።

አዛውንትን «ያምዎታል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ «ኧረ ምንም» ነው። «ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ምን ይዘው ይነሳሉ?» ይበሏቸው። «የአልጋውን ብረት» ካሉ የሚፈልጉትን አግኝተዋል።

የእጅ ጭበጣ ቀላሉ ልኬት ነው። ተለኪው ይቀመጥ፣ ቀለበቱን ያውልቅ፣ ክርኑን በ90 ዲግሪ ይጠፍ፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ከዚያ ዳይናሞሜትሩን (የጭበጣ ኃይል በኪሎ የሚያሳየውን መሣሪያ) ለጥቂት ሰከንድ ጥብቅ አድርጎ ይጭበጥ። እጅ እያቀያየሩ ለእያንዳንዱ 3 ጊዜ ይለኩና ትልቁን ቁጥር ይመዝግቡ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ ለወንድ ከ27፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታችን ዝቅተኛ ይለዋል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ባለስፕሪንግ መጨበጫ የእጅ ስፖርት መሥሪያ ነው፤ አይለካምና ገንዘብዎን አያባክኑበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከወንበር የመነሳቱ ፈተና ላይ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከወንበሩ ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ውብ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ዝቅ ይላል፣ መደገፊያም የለው። ከእሱ መነሳት ያቃታቸው አዛውንት ከትክክለኛው ወንበር ያለችግር ሊነሱ ይችላሉ። ከወለል እስከ መቀመጫው 43 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠንካራ፣ መደገፊያ ያለው፣ የእጅ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ይፈልጉ። ፕላስቲኩ ወንበር ሊሾ ላይ እግሩ ይከፈታል። የመረጡትን ወንበር ከግድግዳ ጋር ያስጠጉ። ክረምት ከሆነ ጭቃውን ከደጅ ይጥረጉ፤ ነጠላ ጫማ ይውለቅ፣ ጋቢ ይነሳ፣ ረጅም ቀሚስ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሰብሰብ።

ተለኪዋ መቀመጫው መሃል ላይ ይቀመጡ፣ ሁለቱም እግሮቻቸው ሙሉ ለሙሉ መሬት ይንኩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምሩ። እርስዎ አንድ ጊዜ ሠርተው ያሳዩ፤ ከዚያ እሳቸው አንድ ጊዜ ይሞክሩ። ቆመው ጥቂት ይጠብቁና ማዞር እንዳለ ይጠይቁ። ያለእጅ እርዳታ አንድ ጊዜ መነሳት ካልቻሉ ውጤቱ 0 ነው፤ አይጨምሩ። ከቻሉ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ይቁጠሩ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ከግማሽ በላይ ተነስተው ከነበረ ይቆጠርላቸዋል። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለች ሴት ከ10 በታች፣ ለወንድ ከ12 በታች ከሆነ እግር ደክሟል ማለት ነው።

እርስዎ የሚቆሙት በደካማው እግር በኩል፣ ከጎን፣ በግማሽ እርምጃ ርቀት ነው፤ እጅዎ ወገባቸው አጠገብ ይሁን እንጂ አይንካ። ሲንገዳገዱ ክንዳቸውን አይጎትቱ፤ ትከሻ ይጎዳል። ወገባቸውን ይዘው ወደ ወንበሩ ይመልሷቸው። ዓይንዎ ከመነሳቱ ይልቅ በመቀመጡ ላይ ይሁን። ጭን ሲደክም ሰውነትን በዝግታ ማውረድ ያቅተዋል፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው የሚቀመጡት ድንገት ዱብ ማለት ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ያርፋሉ፣ ከዚያ መውደቅ ነው። የመጀመሪያዋ «ዱብ» ስትሰማ ያቁሙ፣ እስከዚያ የተቆጠረውን ይጻፉ። «አይዞዎት፣ ትንሽ ቀረዎት» ማለትም ለአዛውንት አይበጅም፤ እኛን ላለማሳፈር ሲሉ ይገፉበታል። ይልቅ ድምፅ አውጥተው እንዲቆጥሩ ያድርጉ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አያፍንም፣ ትንፋሽ ማፈን ደግሞ ግፊትን በቅጽበት ያሻቅባል። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ከሆነ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ ይቁጠሩ።

ለወጣቱ «አንድ ጊዜ ብቻ የምታነሳው ትልቁ ክብደት ስንት ነው?» ብሎ ማስጫን አያስፈልግም፤ በስሌት ይገኛል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሟሟቅ፣ በቀላል ክብደት 8 ወይም 10 ጊዜ ይሥራ፣ ከዚያ ከ10 ጊዜ በላይ ሊያነሳው የማይችለውን ክብደት ይስጡት። የደጋገመውን ቁጥር ለ30 ያካፍሉ፣ 1 ይደምሩ፣ በክብደቱ ያባዙ፤ 40 ኪሎን 8 ጊዜ ያነሳ ሰው አቅሙ 51 ኪሎ ገደማ ነው። ከ10 ድግግሞሽ ካለፈ ስሌቱ ይዛባልና ክብደት ጨምረው፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አሳርፈው ይድገሙት። በጀርባ ተኝቶ የሚገፋ ከሆነ ከራስጌው ሰው ይቁም። ወገቡ ሲቀስት ወይም አንዱ ክንድ ሲቀድም ቆጠራው አብቅቷል፤ «አንድ ልጨምር» ቢል አይስሙት።

በጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ የተሠራ ክብደት ካለ ላዩ ላይ የተጻፈውን አይመኑ። ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ ሚዛን ላይ ያውጡ፤ ከተበላለጡ ለልኬት አይሆኑም።

ሲመዘግቡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወንበሩን ከፍታ፣ ተለኪው የወሰዱትን መድኃኒትና ልኬቱ ለምን እንደቆመ ይጻፉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የለኩትን በሚቀጥለውም በዚያው ሰዓት ይለኩ፤ ወንበሩ እንዳይቀየርም ከሥሩ ምልክት ያድርጉበት። አዛውንቷን ከመሸኘትዎ በፊት 5 ደቂቃ አሳርፈው ግፊታቸውን ዳግም ይለኩ፣ ከዚያ ባጃጁ ድረስ አብረው ይራመዱ።